«የኋላ መስታወት» እንዳትወድቅ

ሴትዮዋን ሰፈሩ «ሬዲዮ» ነው የሚላት። ማን አገባ፣ ማን ፈታ፣ የማን ልጅ ከማን ጋር ታየች፣ እሷ ሳትሰማው ያለፈ ነገር የለም። ሥራዋ የፀጉር ቤቱን ፎጣ ማጠብ ነው። ፎጣ ይዛ ትገባለች፣ ወሬ ይዛ ትወጣለች። ያን እሁድ ግን ወሬዋን ትታ፣ ከፀጉር ቤቱ በር ሥር ቁጭ ብላ የታጠፈውን ፎጣ እየፈታች መልሳ ታጥፋለች።

«እማማ ሬዲዮ፣ ዛሬ ጣቢያው ተበላሸ እንዴ?» አላት ባለታክሲው።

«ባትሪ ጨርሰው ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ መቀሱን እየጠረገ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን የሁለቱንም ጉድ ዘክዝካ አፋቸውን ታስይዛቸው ነበር። ዛሬ ፈገግ ብላ ወደ ፎጣዋ ተመለሰች።

ነገሩ ወዲህ ነው። ፀጉር አስተካካዩ፣ ባለታክሲውና አስተማሪው አንድ የሙዚቃ ባንድ ይወዳሉ። ይወዳሉ ስል እንዲያው መውደድ አይምሰላችሁ፤ ሚስቶቻቸው የሚቀኑበት መውደድ ነው። ድምፃዊው ከሞተ ወዲህ ባንዱ ፈርሷል። እነሱ ግን እሁድ እሁድ ከሰዓት ሱቁን ገርበብ አድርገው «ማበጠር» የሚሉትን ጨዋታቸውን ይጫወታሉ። ከባንዱ ዘፈኖች ደካማ የሚሉትን አንዱን ይከፍቱታል፣ እስኪያልቅ ይሰሙታል፣ ይከራከሩበታል። ከዚያ ፀጉር አስተካካዩ «ይፈረድ!» ሲል፣ ይውደቅ ያለ ወንበሩን ወደ መስታወቱ ያዞራል፣ ይትረፍ ያለ ወደ በሩ። የወደቀ ዘፈን እዚያው ከፍላሹ ይሰረዛል፤ በዚያ ቤት ዳግመኛ አይሰማም።

«የምትወዱትን እንዴት እናንተው ትፈጁታላችሁ?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው ነበር።

«የሚቆነጥጡት የራስን ልጅ ነው» አለው ባለታክሲው። «የጎረቤቱን ማን ይነካል?»

ይኸውላችሁ፣ ከፀጉር ቤቱ ጀርባ፣ በአንዲት ስስ ችፑድ ብቻ ተለይታ፣ የእማማ ሬዲዮ መኖሪያ ክፍል አለች። አልጋው ችፑዱን ተደግፎ ነው የቆመው። አልጋው ላይ ባሏ አለ። ግማሽ ጎኑ ከተያዘ ወዲህ ቃል የሚወጣው እየተንጠባጠበ ነው፤ ጆሮው ግን የጥንቸል ነው።

ይህ ሰውዬ ደግሞ የባንዱ ሹፌር ነበር። ባንዱ በተነሳው ፎቶ ሁሉ ላይ የለም፤ ሲነሱ እሱ መኪና ያቆማል። በዚያን ዘመን እሷ የመድረክ ልብስ ሰፊ ነበረች። ከኋላ ወንበር ተቀምጣ፣ መኪናው እየነጠረ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች የልብስ ቁልፍ ትተክላለች። እሱ ደግሞ መንገዱን ትቶ እሷን በመስታወት ያያል። አንድ ቀን ለድምፃዊው አንጎራጎረለት፤

መንገዱ ከፊቴ፣ አንቺ ከኋላዬ፣
መስታወቱ ባይኖር ምን ይሆን ዕጣዬ።

ድምፃዊው ዘፈኗን ወደዳት፣ ተቀዳች፣ በባንዱ ስም ወጣች። «የኋላ መስታወት» ይሏታል። ሰውዬው በዕድሜው ሌላ ዘፈን አልሠራም። እሷን አንዲቷን ብቻ።

ሲታመም ግን ሚስቱን አስማላት። «እንዳትነግሪያቸው። ሰው… በዘፈንነቷ ይውደዳት። የሽባ ሥራ ናት ብሎ… እንዳይምራት።»

እሷ፣ የሰው ምስጢር አድሮባት የማያውቅ ሴትዮ፣ ይህንን ዋጥ አደረገች። አንድም ቀን ትንፍሽ አላለች።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሰውዬው ምግብም መድኃኒትም እምቢ ብሏል። ሐኪሙ ወደ ጎን ጠርቶ «ካልበላ አይቆይልሽም» ብሏታል። በወጉ የሚበላው እሁድ ማታ ብቻ ነው፤ «ዛሬም አልጣሏትም» ብሎ ከንፈሩን በግማሽ ፈገግ ሲያደርግ፣ ያኔ ማንኪያውን ታስገባለታለች። ያለፈው እሁድ ግን ባለታክሲው «በሚመጣው ‹የኋላ መስታወት›ን ነው የምናበጥረው» ሲል ሰማ። ሳምንቱን ሙሉ ከንፈሩ ተቆለፈ። ዛሬ ጠዋት «ከጣሏት… ሾርባ እንዳታሞቂ» አላት። በቃ። ያለው ይኸው ነው።

እና ሴትዮዋ ፎጣ ብታጥፍ ይፈረድባታል?

ዘፈኑ ተከፈተ። ያ ረጅም መግቢያው ጊታሩን እየጎተተ መጣ።

«ይኸው!» አለ ባለታክሲው። «ይህ መግቢያ እስኪያልቅ እኔ ሰው ጭኜ፣ አድርሼ፣ ከትራፊክ ፖሊስ ተጣልቼ እመለሳለሁ።»

አስተማሪው መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አደረገ። «እኔን የከነከነኝ ግጥሙ ነው። ሰው ለጨረቃ ይዘፍናል፣ ለዓይን ይዘፍናል። ለመኪና ዕቃ ይዘፈናል? ነገ ለጎማው፣ ከነገ ወዲያ ለፍሬኑ ሊዘፈን ነው?»

«ኧረ ለካምቢዮውም!» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ሦስቱም በሳቅ ፈረሱ።

ሳቃቸው በችፑዱ አልፎ የት እንደሚያርፍ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። አልጋው ሲጢጥ ሲል ሰማች።

«ከበሮዋስ?» አለች። «ከበሮዋ አታምርም?»

«እማማ ደግሞ መቼ ነው ዳኛ የሆኑት?» አለ ባለታክሲው። «ከበሮ ብቻውን ዘፈን አያድንም።»

«ልጄ፣ እስቲ ደግመህ ክፈታት። ጆሮህን ሰጥተህ ስማት። ልብ ያለው ሰው ነው የሠራት።»

«ልቡን ተዉት እማማ፣ መንጃ ፈቃዱ ነው የሚያጠራጥረኝ። ከፊት መንገድ እያለ ወደ ኋላ የሚያይ ሰው!»

ደግሞ ሳቁ። አልጋው አሁን ድምፅ የለውም። የባሰው ይሄ ነው።

«ይፈረድ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

የባለታክሲው ወንበር ወደ መስታወቱ መዞር ጀመረ። አስተማሪውም ተከተለ። ሴትዮዋ ፎጣውን ጨመደደች። ማላለች፣ እውነቱን መናገር አትችልም። ዝም ብትል ደግሞ ባሏን በቁሙ መቅበሯ ነው። ታዲያ ሬዲዮ በጭንቅ ጊዜ ከወሬ በቀር ምን መሣሪያ አላት?

«ቁሙ!» ብላ ፎጣውን ወረወረችው። «በማን ደም ላይ እንደምትፈርዱ ታውቃላችሁ?»

ወንበሮቹ ቆሙ።

ዓይኗን በጨው አጥባ ጀመረችው። «ነፍሱን ይማረውና ድምፃዊው ራሱ ነው የሠራት። ምን ያህል በዕንባ እንደሆነ እናንተ ምን ታውቃላችሁ! እጮኛ ነበረችው። ሰርጋቸው ደርሶ፣ ልብሷ ተሰፍቶ፣ ታመመችበት። ከኋላ ወንበር አስተኝቶ ሐኪም ቤት ይዟት ሲበር፣ መንገዱም ረዝሞበት፣ በዚያች መስታወት እያያት… እያያት…» እጇን አፏ ላይ አደረገች። ማልቀሷ ደግሞ የእውነቷን ነው፤ ምክንያቱ ሌላ ቢሆንም።

«ሞተች?» አለ ባለታክሲው።

«ብትተርፍማ ምን ያስለቅሰኛል!»

«እና እስከዛሬ እንዴት አልነገሩንም?»

«ምስጢር ነዋ!»

«እርስዎ ምስጢር ይጠብቃሉ?»

«ይህንን ብቻ!»

አስተማሪው መነጽሩን አውልቆ በፎጣ ወለወለ፤ «ለካ መግቢያው የረዘመው…» አለ፣ «መንገዱ ነው! የሐኪም ቤቱ መንገድ ርዝመት ነው! እኛ ደደቦች!»

ወንበሮቹ ሁሉ ወደ በሩ ዞሩ። ፀጉር አስተካካዩማ ጭራሽ «ከዛሬ ጀምሮ ይህችን ዘፈን ማበጠሪያ አይነካትም፣ የባንዱ አንደኛ እሷ ናት» ብሎ የድምፃዊውን ፎቶ ከመስታወቱ በላይ ሰቀለው።

የሴትዮዋ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ሾርባውን አሙቃ፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ እየሮጠች ባሏ ጋ ገባች። «አንደኛ አሏት! ሰማህ? አንደኛ!»

ሰውዬው ጣሪያውን እያየ ነው።

«ለማን… ሰጠሻት?»

ክው አለች። ለካ ልታድነው ስትሮጥ አንድ ነገር ረስታለች፤ ጆሮውን። ሳቁ በችፑዱ እንደሚያልፍ እያወቀች፣ የራሷ ወሬም እንደሚያልፍ አላሰበችም።

«ላንተ ብዬ ነው የኔ ጌታ። ሊጥሏት እኮ ነበር። ማልኩልህ፣ ስምህን አላነሳሁም…»

«ከኋላ የነበርሽው… አንቺ ነሽ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ገደልሻት።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ አይደል? ሾርባውን መሬት ላይ አስቀምጣ ተመልሳ ሮጠች። ሦስቱ ሰዎች ፎቶው ሥር ተሰብስበው ዘፈኑን ለሦስተኛ ጊዜ እየሰሙ ነው።

«ዋሽቼ ነው!» አለች። «እጮኛ የለም፣ የሞተም የለም። የሠራት ባሌ ነው። ከኋላ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ቁልፍ እየተከልኩ ነበር!»

ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀው ባለታክሲው ነው፤ ክፋት የለበትም ሳቁ። «እማማ፣ ቅድም ለሟቹ ሰጧት፣ አሁን ለባልዎ። ነገ ለእኔ ይሰጡኛል?»

«ዓይኔን ይንሳኝ! ሹፌራቸው ነበር!»

«ሹፌር መሆኑን እናውቃለን» አለ አስተማሪው፣ ለታመመ ሰው እንደሚናገር ዝግ ብሎ። «ሐዘን እንዲህ ያደርጋል እማማ። የሚወዱት ሰው ሲታመም ሰው የማይለው የለም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ውሸቷን በአንዴ የዋጡት ሰዎች እውነቷን ሊቀምሱላት አልቻሉም። የፀጉር አስተካካዩን ካፖርት ጨምድዳ ያዘች። «ኑ! ኑና ራሱን ጠይቁት። በእግዜር፣ አንዴ ብቻ ኑ!»

እምቢ ማለት አፍረው ተከተሏት። ጠባቧ ክፍል ውስጥ ተደርድረው ቆሙ፤ ባለታክሲው ቆቡን አወለቀ። ሰውዬው አንድ በአንድ አያቸው። ያን ሁሉ እሁድ ድምፃቸውን ብቻ ነበር የሚያውቀው።

«አባባ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ «‹የኋላ መስታወት›ን የሠሯት እርስዎ ነዎት ይላሉ እማማ። እውነት ነው?»

ሴትዮዋ እግሩን በብርድ ልብሱ ላይ ያዘች። «መሐላውን ፈትቼሃለሁ በለኝ። አዎ በላቸው። አንዲት አዎ።»

ከንፈሩ ሁለቴ ተንቀሳቅሶ ተመለሰ።

«እኔ… ሹፌር ነኝ» አለ።

ባለታክሲው የሴትዮዋን ትከሻ መታ መታ አደረገ። «አይዞዎት እማማ» አሉና አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

«ለምን?» አለች። «ለምን ካድካት?»

«ለሙት… የሰጠሽውን… መልሰሽ አትቀሚ። ነውር ነው።»

ሾርባውን ከመሬት አነሳች፤ ቀዝቅዟል። እንደገና ልታሞቀው ተነሳችና፣ ጀርባዋን ካዞረች የሚያመልጣት መስሏት ተመልሳ ቁጭ አለች። ማንኪያውን ከንፈሩ ላይ አደረገችው። ከንፈሩ እንደ በር ተዘግቷል። ሾርባው በአገጩ ወርዶ አንገቱ ሥር ገባ፣ በእጇ ጠረገችው፣ ደግማ ቀዳች።

«ስደበኝ። እርገመኝ። ‹አንቺ ወሬኛ› በለኝ፣ ነኝ። ብቻ አፍህን ክፈት።»

ከችፑዱ ማዶ ያ ረጅም መግቢያ እንደገና ተጀመረ። ግጥሙ ሲገባ ባለታክሲው አብሮ ዘፈነ፣ አንዲት ቃል ሳይስት።