ቢያንስ ሃያ አውቶቡስ

አባ ፍሬን ወደ ኮምፒውተሯ ልጅ ክፍል የገባው ሊጣላ ነበር። የአውቶቡስ ጋራዡ የፍሬን ክፍል ኃላፊ ጡረታ ወጥቷል፤ በምትኩ የሚሾመው ሰው ደግሞ፣ ሥራ አስኪያጁ እንዳለው፣ «በዘመድ ሳይሆን በመረጃ» ይመረጣል። እስከዛሬ በዘመድ እንደነበር በገዛ አፉ መሰከረ ማለት ነው።

መለኪያው ቀላል ነው። አንድ መካኒክ ፍሬኑን የሠራው አውቶቡስ ለዚያው ብልሽት ተመልሶ እስኪመጣ በአማካይ ስንት ቀን ይሮጣል? ብዙ ያስሮጠ አንደኛ። አባ ፍሬን ዕድሜውን በሙሉ ከአውቶቡስ ሆድ ስር ተጋድሞ የኖረ ሰው ነው፤ ቅጽል ስሙንም ያወጣለት ሥራው ነው። ታዲያ ልጅቷ አውጥታ በሯ ላይ በለጠፈችው የሙከራ ዝርዝር አንደኛ የወጣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የሥራ አስኪያጁ የሚስት ወንድም!

«ይኼ ልጅ መፍቻ የሚይዘው እንደ ማንኪያ ነው» አለ ገና ከበሩ። «እንዴት ሆኖ ነው አንደኛ የሚወጣው? ወይስ አንቺም የነሱ ዘመድ ነሽ?»

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ይቀመጡ።»

«መቆም ለምጃለሁ።»

ልጅቷ ፈገግ አለችና የሆነ ነገር ጻፈች። ከሚስት ወንድም ስም አጠገብ የሠራቸው አውቶቡሶች ብዛት ብቅ አለ፦ «1»። የተሠራውን አውቶቡስ የሰሌዳ ቁጥርም አነበበችለት።

አባ ፍሬን ሳቁ አመለጠው። «እሱማ ጓሮ የቆመው ነው! ሞተሩ ከወረደ ስንት ጊዜው! የሾፌሩ ወንበር ላይ ድመት ወልዳበታለች። ያልሄደ አውቶቡስ ፍሬኑ በምን ይበላሻል?»

እሷም ሳቀች። «ጥፋቱ የእኔ ነው። እዚህ እያንዳንዱ ጥገና አንድ መስመር ነው። መስመሮቹን በየሰዉ ሰብስቤ አማካዩን አወጣሁ፣ ከዚያ ከትልቅ ወደ ትንሽ ደረደርኩ። ከሰበሰብኩ በኋላ ግን ማን ስንት እንደሠራ አይቼ አላጣራሁም። አንድ የሠራውም መቶ የሠራውም እኩል ተሰለፉ።»

«ታዲያ አጣሪዋ!»

«ሥራውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ቢያንስ ስንት የሠራ ሰው ይቆጠር?»

አባ ፍሬንን «ምን ትላለህ?» ብሎ የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅም። ጉሮሮውን ጠረገ። «ሃያ። ከሃያ በታች የዕድል ጉዳይ ነው።»

ሃያ ብላ ጻፈች። የሚስት ወንድም ከነድመቱ ጠፋ። አንደኛ ባለጓንቱ፣ ሁለተኛ አባ ፍሬን።

ፊቱ ጠቆረ። ባለጓንቱ! እጁን ቅባት እንዳይነካው ጓንት የማያወልቅ ሰው። ወጣት ሳሉ የፍሬን ሥልጠና መጣ ተብሎ ሁለቱም ተመዝግበው ነበር። አባ ፍሬን በቢሮው መስኮት አንገቱን አስግጎ «እኔስ አለሁበት?» ሲል፣ ጸሐፊው ቀና እንኳ ሳይል «ከስምንተኛ ክፍል በታች አይገባም» አለው። እሱ ያቋረጠው ከስድስተኛ ነው። ባለጓንቱ ሠልጥኖ ተመለሰና በሰው ሁሉ ፊት «አንተ መፍቻ አቀብል» አለው። ያቺን ቃል እስከዛሬ ጫማው ውስጥ እንደገባች ጠጠር ይዟት ይሄዳል።

«እሱ ስንት ሠርቷል?»

«ሠላሳ አንድ። ጀርባውን ታሞ ከርሞ የለ። እርስዎ መቶ አሥር።»

«እንግዲያው አርባ አድርጊው።»

ቀና ብላ አየችው። «አርባ?»

«ሃያ ትንሽ ነው።»

አርባ አደረገችው። ባለጓንቱ እንዳልነበረ ሆነ፤ አባ ፍሬን አንደኛ ወጣ። «ነገ ይለጠፋል» አለችው። እሱም ደህና ዋይ ሳይላት ወጣ።

ጋራዡ ውስጥ ባለጓንቱን አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አውቶቡስ ስር ለመግባት ሲታገል አገኘው።

«የደረጃው ነገር ከምን ደረሰ?» አለ ባለጓንቱ እያቃሰተ። «እኔስ አለሁበት?»

አባ ፍሬን ዞሮ በመጣበት ሄደ።

«ሃያ አድርጊው» አለ ከበሩ።

«ሁለተኛ ይሆናሉ እኮ፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ፣ ቁጥር አይጠፋኝም። አርባን ያመጣሁት ሥራውን አይቼ ሳይሆን ሰውዬውን አይቼ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ያመጣብኝም ሰው እንዲሁ ሳያደርግ አልቀረም።»

በማግስቱ ዝርዝሩ ተለጠፈ፤ ባለጓንቱ ኃላፊ ሆነ። አባ ፍሬን ሁለተኛዋን መስመር ደጋግሞ አነበበ። በዚያ ጋራዥ ግድግዳ ላይ ስሙ ለደግ ነገር ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።

«መቶ አሥር!» አለ ባለጓንቱ ከኋላው መጥቶ። «አንተ ሰውዬ፣ አታርፍም እንዴ?»

«አንተ ጓንት እስክታጠልቅ የሠራሁት ነው።»

የከበቧቸው ሳቁ። ባለጓንቱም ሳቀና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ ከእንግዲህ ስር መግባት አልችልም። አዲሶቹን ስር ገብተህ የምታስተምርልኝ አንተ ነህ። እምቢ እንዳትለኝ።»

«ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ አስተማሪ?»

«አውቶቡሱ ክፍልህን አይጠይቅህም።»

አባ ፍሬን ቂሙን ዳበስ አደረገው። አሁንም አለ፤ የዚያን ያህል ዘመን የኖረ ነገር በአንድ ቀን አይወጣም። ቢሆንም ካርቶኑን መሬት ላይ አንጥፎ በጀርባው ተንጋለለ፣ እስከ ደረቱ አውቶቡሱ ስር ገባና እጁን ወደ ውጭ ዘረጋ።

«በል፣ አለቃ፣ መፍቻ አቀብል።»

ባለጓንቱ ጓንቱን አወለቀና መፍቻውን አቀበለው።