የዕለቱ ውሸት

የባዮሎጂዋን መምህርት ከመምህራን ክፍል እስከ ዘበኛው ድረስ «ቀጣፊዋ» እንላታለን፤ በፍቅር ነው። በየክፍለ ጊዜው አውቃ አንድ ውሸት ጣል ታደርጋለች። «የሌሊት ወፍ እንቁላል ትጥላለች» ትልና ሳቋን ዋጥ አድርጋ ትቀጥላለች። ውሸቱን በማስረጃ የያዘ ተማሪ ጠመኔውን ተቀብሎ የቀረውን ያስተምራል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ቢባልም፣ እሷ ክፍል ግን ደወል ሳይደወል መጥራት ነበረበት።

አንድ አባት «ልጄን ውሸት ታስተምርብኛለች» ብለው ከሰሱ። ከትምህርት ቢሮ ሱፐርቫይዘር ስታስተምር ሊያያት መጣ፤ ከወደደ ትቆያለች፣ ካልወደደ ትሰናበታለች። የዚያን ዕለት ጠዋት ርዕሰ መምህሩ እኔ ባለሁበት ኮሪደር ላይ ያዛት።

«የኔ እህት፣ ዛሬን ብቻ እውነት እውነቱን አስተምሪ። ነገ እንዳሻሽ ትቀጥፊያለሽ።»

«እሺ» አለች። እሺታ አታውቅም ነበርና ገረመኝ።

የክፍሉ ኃላፊ መምህር ስለሆንኩ እኔም ከሱፐርቫይዘሩና ከርዕሰ መምህሩ ጋር ከኋላ ተቀመጥኩ። ስለ አጥቢ እንስሳት አስተማረች፤ አንዲት ስህተት የለባትም። ተማሪዎቹ ግን እንደለመዱት ውሸት ፍለጋ ገቡ።

«ቲቸር፣ ዓሣ ነባሪ ልጇን ታጠባለች ያሉት ነው ውሸቱ» አለ አንዱ። «ዓሣ ጡት የለውም።»

«እሷ ምኗ ዓሣ ነው?» አለችው ጎረቤቱ። «በሳንባ ነው የምትተነፍሰው። ባለፈው ተምረነዋል፣ ተኝተህ ነበር።»

ክርክሩ ጦፈ፤ መጽሐፍ ተገለጠ። ሱፐርቫይዘሩ በአድናቆት ራሱን እየነቀነቀ ይጽፋል። ርዕሰ መምህሩ ገና አሁን እፎይ አለ።

ያኔ «ለምን» የምንላት ልጅ እጇን አወጣች። ቅጽል ስሙን ያወጣንላት በከንቱ አይደለም።

«ቲቸር፣ ሁሉንም አየነው፤ ዛሬ ውሸት የለም። ለምን? የከለከለዎት ሰው አለ?»

ርዕሰ መምህሩ ጫማውን ማየት ጀመረ። መምህርቷ ወደ እሱ ቃኘት አድርጋ ወደ ልጅቷ ዞረች።

«ማንም አልከለከለኝም» አለች።

ልጅቷ ጥቂት አሰበች። «አገኘሁት። የዛሬዋ ውሸት ይቺ ናት።»

«ማስረጃሽ?»

«መጀመሪያ ርዕሰ መምህሩን አይተው ነው የመለሱልኝ።»

የሱፐርቫይዘሩ እስክሪብቶ ቆመ። መምህርቷ «ተሳስተሻል፣ ቁጭ በዪ» ብትል ሥራዋ ይተርፍ ነበር፤ እኔ ብሆን እላለሁ። በልቤም በያት፣ በያት እያልኩ ነበር።

ጠመኔውን ለልጅቷ ሰጠቻትና ሄዳ በልጅቷ ወንበር ተቀመጠች።