አፍ ይግባ፣ እጅ በደጅ ይቅር

ተካ ማሲንቆውን እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ ታቅፎ ፊቱን ወደ ፍሙ አዞረው። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ከቡናው ጥላ ዛፎች ላይ ገና ይንጠባጠባል። ቴፒ ላይ ታኅሣሥ ገብቷል ብሎ የሚተው ዝናብ የለም፤ ርጥበቱም ከሁሉ አስበልጦ የሚወደው ቆዳ ነው። ሳይሞቅ የተመታ ማሲንቆ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ድምፁ ይታፈናል። ስለዚህ ያሞቃል፣ ቆዳውን በጣቱ ጫፍ መታ መታ አድርጎ ያዳምጣል፣ ገና ነው፤ እንደገና ወደ ፍሙ።

በመንግሥት ቡና እርሻው ሠራተኞች የኪነት ቡድን ውስጥ ማሲንቆ የሚመታው እሱ ብቻ ነው። የለቀማ መዝጊያ በዓል በየዓመቱ ይከበራል፤ የዛሬው ግን ተካን እንቅልፍ ነሥቶት አድሯል። ከጅማ አንድ እንግዳ ይመጣል፣ ለክፍለ ሀገሩ ኪነት ሰው ይመርጣል ተብሏል። ከተመረጠ፣ ከቡና ማጠቢያው ውኃ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ተነክሮ መዋል ይቀርለታል፤ በማሲንቆው ብቻ ይኖራል። ከልጅነቱ ጀምሮ የተመኘው ይህንኑ ነው። ሚስቱ አሰጋሽ «ላም አለኝ በሰማይ» እያለች ብትቀልድበትም፣ ማለዳ ተነሥታ ያለችውን አንዲት ነጭ ሸሚዝ ተኩሳለት ነበር።

ተካ አንድ የማይሽረው ሕግ አለው፤ ማሲንቆውን ሰው አያስነካም። አዝማሪ ከሰው ግጥም ይቀበላል፤ ያ የቆየ ወግ ነው። ሰካራሙም፣ አማቹም፣ ጆንያ ተሸካሚውም «ተቀበል!» ብሎ የልቡን ከሰጠው፣ ተካ ያንኑ ቃል በዜማ አሳምሮ ይመልስለታል። «አፍ ይግባ፤ እጅ ግን በደጅ ይቅር» ይላል። የቡድኑ ሰዎች «ተካ ከማሲንቆውና ከሚስቱ አንዱን አውስ ቢባል አሰጋሽ ጓዟን ትጠቅልል» እያሉ ይስቁበታል፤ አሰጋሽም አብራቸው ትስቃለች።

ለሕጉ ግን ምክንያት ነበረው። ሚዛን ተፈሪ፣ አንድ ሰርግ ላይ፣ ሞቅ ያለው ሚዜ «እስቲ አንዴ» ብሎ ተቀበለውና ጭራውን በጠሰበት። ሌላ አገር ቢሆን ቀላል ነገር ነው። የማሲንቆ ድምፅ የፈረስ ጭራ ነው፤ ቴፒ ቆላ ላይ ደግሞ ፈረስ አይበረክትም፣ ገንዲ የሚሉት የቆላ ዝንብ በሽታ ይፈጀዋል። ወደ ማሻ ደጋ የሚመላለሰውን ነጋዴ በላይነህን ለምኖ ጭራ እስኪያስመጣ ድረስ ክረምቱ አለቀ። ያን ክረምት ተካ አንደበቱን እንደተቀማ ሰው ከረመ። ከዚያ ወዲህ እንኳን ለባዳ ለወንድሙም አልሰጠም።

ፍሙ መክሰም ሲጀምር አንድ ሰው በሩ ላይ መቆሙን አየ። ሽማግሌ ነው፣ ወይም ራብ ያስረጀው ሰው። አምና ከወሎ መጥተው ከከተማው ወጣ ብሎ ከሠፈሩት አንዱ እንደሆነ ከአለባበሱ ታወቀው፤ ለለቀማው እርዳታ ሰሞኑን ከሠፈራ ጣቢያው በመኪና ያመጧቸዋል። ወገቡ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አስሯል። ዓይኑ ከማሲንቆው ላይ አልተነሣም።

«እንደምን አደርህ የኔ ጌታ» አለ። «ባየ እባላለሁ።»

«እግዜር ይመስገን። ወደ እሳቱ ቀረብ ይበሉ አባቴ።»

ባየ አልቀረበም። «አንዴ ብቻ እጄን ባሳርፍበት ብዬ ነበር።»

ተካ ለዚህ ጥያቄ መልስ ከአፉ አይጠፋም። «ግጥም ካለዎት ይስጡኝ። ከሰዓት በኋላ ሰው ፊት በስምዎ እቀበልዎታለሁ። እጅ ግን… ይቅር ይበሉኝ፣ ለማንም አልሰጥም።»

«ግጥም የለኝም። አልቆብኛል።»

«እርስዎም ይመቱ ነበር?»

«ነበር።»

«የራስዎ ታዲያ የት ደረሰ?»

ባየ ስለ አየሩ እንደተጠየቀ ሰው ረጋ ብሎ መለሰ። «እንጨቱን ማገድነው። ቆዳውን ሚስቴ ቀቅላ ለልጆቹ ሰጠቻቸው። ጭራው አይነድ፣ አይበላ፤ እሱን ይዤ መጣሁ።» ወገቡ ላይ ያለውን ጥቅል በመዳፉ ዳበስ አደረገና «በል ይቅናህ ልጄ» ብሎ ሄደ።

አሰጋሽ ከጓሮ ሆና ሰምታለች። ሸሚዙን ይዛ ገባች፤ ወዲያው ግን አልሰጠችውም።

«ቢነካው ምን ነበረበት?»

«ዛሬ? ዛሬማ የማይሆን ነው! ቢበጠስብኝስ?»

«እጁ የሚያውቅ ሰው ነው።»

«እጅ ሲናፍቅ ኃይሉን አያውቅም አሰጋሽ። እኔ አውቃለሁ።»

ሸሚዙን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት። «ልጆቹስ አብረውህ ናቸው ወይ ብለህ እንኳ አልጠየቅኸውም» አለችው።

ተካ ወደ በሩ ተመለከተ። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። ማሲንቆውን እንደገና ወደ ፍሙ አዞረ፤ ፍሙ ግን አመድ ለብሶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠራ። ከቡና ማስጫው አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ በጆንያ ክምር መድረክ ተሠርቶ ነበር። ሠራተኛው ከፊት ተቀመጠ፤ ሠፋሪዎቹ ራቅ ብለው ከአንድ ዋንዛ ሥር ቆሙ። ቡድኑ ስለ ምርት ዘመረ፣ ስለ ዘመቻ ዘመረ፤ ሰዉ አጨበጨበ፤ ማጨብጨብም ያኔ ከሥራ ይቆጠር ነበር። የተካ ተራ ሲደርስ ግን ጭብጨባው ሌላ ሆነ። ሰው ከተቀመጠበት ተቁነጠነጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ግጥም ያለው ሁሉ እጁን አወጣ። አንዱ ሚስቱን አማ፣ አንዱ ዝናቡን ከሰሰ፣ አንዱ የሚዛን መንገድ ጭቃ ለዋጠበት ጫማ አለቀሰ። ተካ ሁሉንም ተቀበለ። ከጅማ የመጣው እንግዳ በእግሩ መሬቱን እየመታ፣ ራሱን እየነቀነቀ ይስቃል። ጅማ የምትባለው ከተማ ከጆንያው ክምር ማዶ የምትታይ እስኪመስለው ድረስ ተካ ደስ አለው።

ከዚያ እንግዳው ተነሥቶ ወደ መድረኩ ወጣ።

«ግሩም ነው ጓድ! እኔም በልጅነቴ እነካካ ነበር። የመጨረሻውን ከመስማቴ በፊት እስቲ አንዴ ወዲህ በለው።»

የተለመደው መልስ እስከ ጉሮሮው መጣ። የቡድኑ ሊቀ መንበር ጓድ ኃይለሚካኤል ከጎን ሆኖ ዓይኑን አፈጠጠበት። ተካ ማሲንቆውን አየ፣ እንግዳውን አየ።

«እሺ» አለ።

እሺ ይበልጣል ከሺ ይላል ሰው፤ የተካ እሺ ግን ገና ከአፉ ስትወጣ ረከሰችበት። ማሲንቆውን ሲያቀብል ዓይኑ ወደ ዋንዛው ሄደ። ባየ ከሠፋሪዎቹ መካከል ቆሞ ያየዋል። ፊቱ ላይ ቁጣ ቢኖር ተካን ይቀለው ነበር፤ ምንም አልነበረም።

እንግዳው ክፉ ሰው አልነበረም። ደስ ብሎት ነው። ደጋኑን እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ ሳበው፣ ሰዉ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ፤ ድምፁ አልቀና ሲለው መቃኛውን ያዘና ጠመዘዘው። አንዴ። ደገመው። የፈሩት ይደርሳል፤ ጭራው ጧ ብሎ ከማሲንቆው አናት ላይ ተበጠሰ።

«ውይ! ይቅርታ ጓድ» አለ እንግዳው በእውነት ደንግጦ። «መለዋወጫ ይኖርሃል አይደል?»

«ፈረስ እዚህ የት አለ!» አለ ከበሮ መቺው፣ የሸኮ ብሔረሰብ ልጅ እንድርያስ።

እንግዳው ሰዓቱን አየ። አንድ ሙሉ ዜማ ሳይሰማ ስም ይዞ መሄድ እንደማይችል፣ ሳይመሽም ሚዛን መግባት እንዳለበት ለኃይለሚካኤል ነገረው። ኃይለሚካኤል «ከበሮ! ከበሮ!» ብሎ አዘዘ። ተካ ዲዳውን ማሲንቆ ታቅፎ ቆመ። ማንንም መቆጣት አልቻለም፤ የሰጠው እሱ ራሱ ነው።

ያን ጊዜ ባየ ሰዉን እየሰነጠቀ መጣ። መድረኩ ሥር ተንበርክኮ ጥቅሉን ከወገቡ ፈታ። ጨርቁ ውስጥ የነጭ ፈረስ ጭራ ነበር፣ ረጅም፣ በጥንቃቄ የተጎነጎነ።

«የሚበቃ ይመስለኛል» አለ።

እንድርያስ ከበሮውን እየደበደበ ሕዝቡን ያዘላቸው። ሁለቱ ጆንያው ላይ ተቀመጡ። ባየ ጉንጉኑን ፈትቶ በጣቱ አበጠረው፤ ተካ ከታች ያዘ፣ ባየ ከላይ ቋጠረ፤ አንዱ ወጠረ፣ ሌላው ሙጫ አሸ። አራት እጆች አንድ ማሲንቆ ላይ ሲመላለሱ የተካ ሕግ በደጅም በውስጥም አልነበረም፤ ትዝም አላለው።

«ልጆቹ» አለ ተካ አንገቱን እንደ ደፋ። «አብረውዎት መጡ?»

የባየ ጣት ቋጠሮው ላይ ትንሽ ቆመ። «አልመጡም» አለና ሥራውን ቀጠለ።

ሲጨርሱ ተካ ደጋኑን አንድ ጊዜ አሳረፈበት። ድምፁ እሱ የሚያውቀው አልነበረም። ደረቅ ነው፣ ጥርት ያለ፤ ዝናብ በራቀው አገር ያደገ ድምፅ። ባየ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ፤ እጁን በባዶው ጨርቅ ጠረገና ተነሣ።

«በል ይቅናህ ልጄ» አለ። እንደ ጠዋቱ ነው ያለው። ምንም አልጠየቀም። ወደ ዋንዛው አመራ።

«በል እንግዲህ ጓድ!» አለ እንግዳው። «ጊዜ የለንም።»

ተካ የሚፈልገውን ያውቅ ነበር። በዚህ ጭራ አንድ ዜማ ቢመታ ጅማ የእሱ ናት። ማንም አይከሰው፤ ሰውየው በፈቃዱ ሰጥቶታል። ደጋኑን አነሣ። ነገር ግን አንድ ቤት ሙሉ ያለቀበት ጭራ በእጁ መሆኑን አሰበና አፈረ፤ እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ለባለሥልጣን የተከፈተ ደጅ ለዚህ ሰው ጠዋት ተዘግቶ ነበር።

«አባቴ!» ብሎ ተጣራ።

ባየ ዘወር አለ። ተካ ከመድረኩ ወርዶ ማሲንቆውን በሁለት እጁ ዘረጋለት።

«ተው ልጄ፣ ዛሬ ያንተ ቀን ነው።»

«እርስዎ ይግቡ» አለ ተካ። «እኔ በደጅ እቆማለሁ።»

ባየ ጆንያው ላይ ተቀመጠ። ግራ እጁ ጭራውን ከመንካቱ በፊት አየር ላይ ትንሽ ተንሳፈፈ። ከዚያ መታ። መጀመሪያ እንደ ሕመምተኛ ሰው እርምጃ ነበር፣ እየቆመ፣ እየተደገፈ፤ ቀስ በቀስ ግን መንገዱን አገኘ። ከዋንዛው ሥር ያሉት ሠፋሪዎች አንድ በአንድ ወደ መድረኩ ቀረቡ። አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ባየ ዓይኑን ጨፍኖ ይመታል፤ ቃል ግን የለም። ዜማው ወደ ግጥሙ ቦታ ይደርስና ባዶውን ይመለሳል፣ ይደርስና ይመለሳል።

«ተካ፣ አብደሃል?» አለ ኃይለሚካኤል ጆሮው ሥር። «እንግዳው ሊሄድ ነው።»

ከኋላ የመኪና ሞተር ተነሣ። ተካ ሰማው። ዘወር ቢል፣ ቢሮጥ፣ ይደርስበት ነበር። ባዶ እጆቹን የት እንደሚያኖራቸው ጠፍቶት ደረቱ ላይ አጣመራቸው። ዕድሜውን ሁሉ ከመድረክ ሆኖ ሲቀበል እንጂ ከሰው መካከል ቆሞ ሲሰጥ አያውቅም። ዜማው እንደገና ወደዚያ ባዶ ቦታ ሲደርስ ደረቱን ነፋ።

«ተቀበል!» አለ።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየው።

«እንጨቱም ተማግዶ ቆዳውም ተበልቶ፣
ዜማው የት ተቀምጦ ሰነበተ ከቶ?»

ደጋኑ ጭራው ላይ ቆመ። ባየ ዓይኑን ገለጠና ከሰዉ መካከል ተካን ፈለገው። አገኘው። የመኪናው ድምፅ በቡናው ውስጥ እየራቀ ሄደ። ከዚያ ደጋኑ ተነሣ፣ የሽማግሌው ከንፈርም ተላቀቀ።

«እንጨቱም…» አለ።