ሰውየውን እመኚው

ኮምፓይለር፣ ማለትም ሰው የጻፈውን ኮድ ለማሽን የሚተረጉም ፕሮግራም፣ የሚሠሩት ጋሼና ተማሪያቸው በሌላው ነገር ሁሉ አንድ ልብ ነበሩ፤ በዚህ ግን አይጥና ድመት። ፕሮግራመር በኮዱ መሃል በእጁ የማሽኑን ቋንቋ፣ አሴምብሊን፣ ጽፎ የመመለሻውን ቦታ የሚያሳየውን የስታክ ጠቋሚ ዝቅ አድርጎ ከተወው፣ ፕሮግራሙ ወደ መጣበት መመለሻው ይጠፋዋል።

«እንዲህ ያለውን ኮድ ኮምፓይለሩ እንቢ ይበላ!» ትላለች እሷ።

«ኧረ ተይ! የነካውን ቦታው ይመልሳል፤ ሰውየውን እመኚው» ይላሉ እሳቸው።

ጋሼ ጡረታ ወጥተው የመርሳት ሕመም ከያዛቸው በኋላ አንድ ፕሮግራም እየወደቀ አስቸገረ። ፈልጋ ፈልጋ ስህተቱን ስታገኘው ክው አለች። ጠቋሚውን ዝቅ አድርገው ሳይመልሱ የተዉት ራሳቸው ጋሼ ነበሩ፣ ያውም በመጨረሻው ኮዳቸው። ለካ መርሳቱ ያኔውኑ ጀምሯቸው ኖሯል፤ አጠገባቸው ተቀምጣ ልብ አላለችም። እያለቀሰች ኮምፓይለሩን እንቢ እንዲል አደረገችው።

በማግስቱ ልትጠይቃቸው ሄደች። ልጃቸው ወደ ሥራ እየወጣች ነበር። «ስትሄጂ ቆልፈሽ ቁልፉን ለጎረቤት ስጪልኝ፤ ብቻቸውን ከወጡ መመለሻው ይጠፋቸዋል» አለቻት።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሏት ጋሼ።

«የእርስዎው ተማሪ ነኝ። ጠቋሚውን የሚነካ ሁሉ እንዲከለከል አደረግኩ።»

ፊታቸው በራ። «ኧረ ተይ! ሰውየውን እመኚው።»

«እሺ ጋሼ» አለቻቸው። ወጥታም በሩን ቆለፈችው።