የቧንቧ ሠራተኛው ክላርኔት

«ይቺ ደግሞ የማን ናት?» አለች ታላቅ እህት፣ የሻይ ብርጭቆ እያለቀለቀች በወጥ ቤቱ በር አሾልቃ እያየች።

ሳሎኑ በለቅሶ ደራሽ ሞልቷል። በሩ ጥግ፣ ጥቁር ሻርፕ የለበሰች ቀጭን ወጣት ትንሽ ሳጥን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ታናሽ እህቷ ልብስ ሰፊዋ እጇን በሽርጧ እየጠረገች አየቻት። ባሏ ከተቀበረ ወዲህ ፊቷ ፈታ ያለው ያኔ ነው።

«እሷ ናት።»

«እሷ ማን?»

«የባልሽ ውሽማ ናት ብለሽ ያስከተልሽኝ!»

«ኧረ ቀስ በይ አንቺ! ሰው ይሰማል!»

ባሏ ዕድሜውን ሁሉ ሰው ቤት መታጠቢያ ሥር ተጋድሞ ቧንቧ ሲጠግን የኖረ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነበር። ታዲያ ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ማምሸት አመጣ። ይባስ ብሎ ከንፈሩ አብጦ ይመጣል። «ምን ነካህ?» ስትለው «ቧንቧ መታኝ» ይላል። ሐሙስ እየጠበቀ የሚማታ ቧንቧ የት አገር አለ? እህቷም «ወንድ ልጅ ሲያረጅ ይለይለታል፤ ተከተይው» አለቻት።

ተከተለችው። ደረጃውን ወጥታ የገባበት በር ላይ ጆሮዋን ለጠፈች። መጀመሪያ ጅራቷን የተረገጠች ድመት የመሰለ ድምፅ ሰማች። ቀጥሎ የሴት ድምፅ፦ «ጋሼ፣ ጉንጭዎን አይንፉት! በጥርስዎ ሲጫኑት እኮ ነው ከንፈርዎ የሚያብጠው።»

በሩን ገፋችው። ባሏ ክላርኔት ታቅፎ፣ ጥፋት ላይ እንደተያዘ ተማሪ ብድግ አለ።

«ለካ እውነትህን ነው፤ የመታህ ቧንቧ ነው!» አለችው። ሳቋ አላቆም ስላላት ወንበር ተሰጣት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ነው የነገራት። ሳይተዋወቁ በፊት፣ በጎረምሳነቱ፣ የፋብሪካው ባንድ ውስጥ ክላርኔት ይነፋ ነበር። ባንዱ ሲፈርስ መሣሪያውን አስረከበ፤ ከዚያ ሥራ፣ ልጆች፣ ኑሮ።

«ይሄን ሁሉ ዘመን ምነው ሳትነግረኝ?»

«በእጄ የሌለውን ምን ብዬ ላውራው? የዚያችን የክላርኔት መምህር ቧንቧ ልጠግን ገብቼ ጠረጴዛ ላይ ሳየው ግን ጣቶቼ ብቻቸውን ሄዱ። እነሱ አልረሱም። ትንፋሼ ነው የከዳኝ።»

ከዚያ በኋላ አሮጌ ክላርኔት ገዝቶ ልምምዱን እቤት አመጣው። እሷ ትሰፋለች፣ እሱ ይነፋል፤ የስፌት መኪናዋ ስትፈጥን እሱም ይፈጥናል። ጎረቤቱ «ቀን ቱቦ ይጠግናል፣ ሲመሽ ቱቦ ይነፋል» እያለ ሲስቅበት እሱም አብሮ ይስቃል።

ወጣቷ መምህር ሳጥኑን እንደያዘች ከሳሎኑ ወደ ወጥ ቤቱ መጣች። «እትዬ፣ እግዜር ያጥናዎት። ክላርኔታቸው ነው። አንዱ ቁልፉ ላልቶባቸው ላሠራላቸው ወስጄው ነበር። አሁን ደህና ሆኗል።» ሳጥኑን ዘረጋችላት።

ልብስ ሰፊዋ ሳጥኑን ከፈተችው። አየችው እንጂ አልነካችውም።

«ያቺን ቀስ የምትለዋን ዜማ ንፊልኝ፣ ልጄ።»

«ለቅሶ ቤት?» አለች እህት። «ሰው ምን ይላል?»

«እሱ በሕይወት እያለ ሰው ያላለው ምን ቀረ? ይበል።»

ወጣቷን እጇን ይዛ ሳሎን አስገባቻት፤ እሷም አጠገቧ ቆመች። መጀመሪያ ላይ አንዳንዱ ቅር ብሎት ተያየ። ዜማው ሲጀምር ግን ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ቀና አሉ። በግድግዳ ማዶ ስንት ጊዜ ተሰባብሮ የሰሙት ዜማ ነው፤ አንዱ ዓይኑን እየጠረገ ፈገግ አለ። አሁን ግን አንድም ቦታ አይሰበርም። ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ የሌላ ሰው ወሬ እንደሚወራላት ሆና ታዳምጣለች።

ዜማው መሃል ላይ የሚረዝም፣ ወደ ላይ የሚወጣ ቦታ አለው። ባሏ እዚያ ሲደርስ ሁልጊዜ ትንፋሽ ያጥረው ነበር። ያቆምና፣ ከውሃ ውስጥ ብቅ እንዳለ ሰው አየሩን ጮክ ብሎ ስቦ ይቀጥላል። ወጣቷ በአንድ ትንፋሽ ልታልፈው ስትል የልብስ ሰፊዋ ትከሻ ከፍ አለ፤ ሳታውቀው በአፏ አየሩን ሳበች፣ ሳሎኑ ሁሉ እስኪሰማ።

ወጣቷ አቆመች። ያቺ ትንፋሽ እስክትወጣ ጠበቀቻትና ቀጠለች።