በቀትር የሚበራው አምፖል

ጎባ ላይ፣ በፊታውራሪ ተክለማርያም ግቢ፣ አንዲት የመስታወት ቤት ነበረች። ውስጧ ቲማቲም ይበቅላል፤ ከላዩ አምፖል ተንጠልጥሏል። የባሌን ክረምት መቼም ታውቁታላችሁ፤ የሰነቴ ጉም ወርዶ ከተማውን ሲውጠው ፀሐይ ለሳምንት ትጠፋለች። "የፀሐይዋን ጉድለት በመብራት እንሞላለን" ብሎ ፊታውራሪን ያሳመነ አንድ ፈረንጅ ነው። አሠራሩን በወረቀት ጽፎ ትቶ አዲስ አበባ ሄደ።

አትክልተኛው ጫሊ የደሎ መና ሰው ነው። ሚስቱ ሽቶ እዚያ የሰባት ወር እርጉዝ ናት፤ የመጀመሪያቸው ነው። "ከመውለዷ በፊት ልድረስላት" ቢል፣ ፊታውራሪ፣ "ቲማቲሙ ሳይቀላ ከዚህ ግቢ ንቅንቅ የለም!" አሉት። ዘበኛውንም አስጠነቀቁ።

ወረቀቱን ያነበበለት የፊታውራሪ ጸሐፊ ገብረ መድኅን ነው። "ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ይብራ ይላል" አለው። ጫሊም በየቀኑ ልክ በቀትር የመብራቱን ሞተር ያስነሣል። ጉሙ ቀኑን ስለሚያጨልመው "ምነው?" ያለ የለም። ቲማቲሙ ግን እንደ ቀርከሃ ተመዘዘ፤ ገረጣ፤ አበባውም ረገፈ።

በሁለተኛው ወር ፈረንጁ በቀትር ከተፍ አለ። የበራውን አምፖል አይቶ ራሱን ያዘ፤ አንዴ ሰዓቱን፣ አንዴ ሰማዩን እያሳየ ጮኸ። ያኔ ጫሊ ገባው። ለካ የፈረንጅ ስድስት የእኛ አሥራ ሁለት ነው! ማብራት የነበረበት ሲመሽ ነው።

"ጌታዬ፣ እኔ በተነበበልኝ ነው የሠራሁት" አለ።

ፊታውራሪ ወደ ጸሐፊው ዞሩ። "እስቲ ፈረንጁን ጠይቀው።"

ገብረ መድኅን ጠየቀ። ፈረንጁ ብዙ ተናገረ። ጸሐፊው ጉሮሮውን ጠራረገና፣ "'ማታ ብዬ አስረግጬ ነግሬያለሁ፤ ያልሰማው አትክልተኛው ነው' ይላል፣ ጌታዬ" አለ።

"ይማሉ እስቲ፣ አቶ ገብረ መድኅን!" አለ ጫሊ።

"ፈረንጅኛ ከመቼ ወዲህ ነው የሰማኸው? ከአምፖሉ ተምረህ ነው?"

ጫሊ የፈረንጁን አፍ አየ። ፈረንጁም ነገሩ ያለቀ መስሎት ፈገግ አለለት። ያን ቋንቋ የሚያውቅ በጎባ ምድር ያለው ገብረ መድኅን ብቻ ነው።

"ንቀለውና እንደ አዲስ ዝራ፤ ሳይቀላ ንቅንቅ የለም" አሉ ፊታውራሪ።

በማግስቱ ነጋዴው ዘይነዲን በቅሎዎቹን ጭኖ ወደ ደሎ መና ሊወርድ ሲል ጫሊን በአጥሩ በኩል ጠራው። "ሽቶን ምን ልበልልህ?"

"ወንድም ሆነ ሴት፣ ስሙን ራሷ ታውጣ ይበሉልኝ፣ ኦቦ ዘይነዲን። እኔን እንዳትጠብቅ።"

"አባት በሕይወት እያለ?"

ጫሊ እጁ ላይ የቀረውን ጭቃ በአጥሩ ላይ ጠረገ። "ይሂዱ በቃ፣ ዝናቡ ሳይዝዎ።"