ቢጫ ክንድ

መንደሩ የሚጀምረው መንገዱ ካለቀ በኋላ ነው። የከተማ ሰዎች ነዋሪዎቹን “የጫካ ሰዎች” ይሏቸዋል፤ ጫካው ግን ከታጠረባቸው ቆይቷል። ማር የሚቆርጡበት፣ ሥራሥር የሚቆፍሩበት፣ የሚያድኑበት ዱር “ጥብቅ ነው” ተባለና ጠባቂ ቆመበት። ለነሱ ደረቁ ዳር ተረፈላቸው። ከዚያ በኋላ ደግሞ “ልጆቻችሁ ለምን ከሱ?” ብሎ የሚጠይቅ የእርዳታ ድርጅት መጣላቸው። ይኼም አንድ ነገር ነው።

በድርጅቱ ቆርቆሮ ቤት ልጆች የምትለካው ነርስ የመንደሩ ልጅ ናት። ከዚያ መንደር ፊደል ቆጥራ ነጭ ጋውን የለበሰች እሷ ብቻ ስለሆነች “የኛ ዶክተር” ይሏታል። ዶክተር አይደለሁም ብትል የሚሰማት አጣች፤ ውላ አድራ እሷም ማስተባበሉን ተወችው። ማን ይጠላል?

ሥራዋ በአንዲት ባለቀለም ጥብጣብ ነው። ጥብጣቧ በሕፃኑ ክንድ ላይ ትዞርና የክንዱን ቅጥነት በቀለም ታሳያለች። አረንጓዴ ከሆነ ልጁ ደህና ነው። ቀይ ከሆነ ክሳቱ ክፉ ነውና እናቱ የሚያገግምበትን የለውዝ ቅቤ ፓኬት ተሸክማ ትሄዳለች። ቢጫ ከሆነ ምክር ይሰጣታል። ቀድሞ ለቢጫም ዱቄት ነበረው፤ ከላይ በጀት ሲቀነስ ምክሩ ብቻ ቀረ። ምክር ደግሞ አያልቅም።

የታላቅ እህቷ የመጨረሻ ልጅ ማሙሽ ቀይ ሆኖ ገብቶ፣ በፓኬቱ ነፍስ ዘርቶ፣ እየተንፏቀቀ ወደ ቢጫ ወጣ። የተንፏቀቀው ፓኬቱን ብቻውን ስላልበላው ነው። በዚያ መንደር ቤት የገባ ነገር ሁሉ ለልጆቹ ሁሉ ይከፋፈላል፤ ለሌላው ጀርባውን ሰጥቶ የሚበላ ሰው ከሌባ ይቆጠራል። ነርሷ ይህን አጥታው አይደለም፤ እሷም ያደገችው እንዲያ ነው። ግን ድርጅቱ ያስተማራትን ትደግማለች።

“እትዬ፣ ይሄ እኮ መድኃኒት ነው። ኪኒን ለሌላ ልጅ ይካፈላል?”

“ኪኒን አይሸትማ!” አለች እህቷ። “ይሄን ስቀደው ሁሉም አፋቸውን ከፍተው ይቆማሉ። የቱን አፍ ልዝጋ?”

ማሙሽ ቢጫ በሆነ ዕለት እህቷ ወረፋው እስኪያልቅ ጠብቃ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። “እህት ዓለም፣ ጥብጣቡን ትንሽ ሳብ ብታደርጊው ቀይ ይላል አይደል?”

ይላል። ከሷ በፊት የነበረው ነርስ እየሳበ ሲያድል ተይዞ ተባሯል፤ ጣቢያውም ከመዘጋት ለጥቂት ነው የተረፈው። የእህቷን ልጅ ስባ የጎረቤትን ብትተው በምን ዓይኗ ታያቸዋለች? የሁሉንም ብትስብ ደግሞ ለእውነተኛው ቀይ የሚተርፍ የለም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ከእውነቱ በታች ግን ሌላም ነገር ነበር። የድርጅቱ አስተባባሪ በጎብኚዎች ፊት “በእሷ ልኬት ዓይኔን ጨፍኜ እምላለሁ” ብሎ ነበር፤ ያ ቃል ጣፍጧት ከረመ።

“አልችልም እትዬ። ቀይ ሲሆን አምጪው፤ ያኔ ካርቶን ሙሉ ብትዪኝም እሰጥሻለሁ።”

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እህቷ አልተቆጣችም፣ አልለመነችም። ማሙሽን አዝላ፣ የማዘያውን ጨርቅ ጠበቅ አድርጋ ሄደች።

በሚቀጥለው የልኬት ቀን ከሁሉ ቀድማ የመጣችው እሷ ናት። ጥብጣቧ በማሙሽ ክንድ ላይ ገና ከመዞሯ ቀይ ላይ ቆመች። ነርሷ ቀና ብላ እህቷን አየቻት። እህቷም ዓይኗን አልሰበረችም።

“እትዬ፣ ምግብ ከለከልሽው?”

“ጡቱንም ቀነስኩበት። ሌሎቹ ከድርሻቸው ሊያጎርሱት ሲሉ መታኋቸው። አንድ ሰሞን ነው፣ ካርቶኑ ሲመጣ እመልስለታለሁ ብዬ ነው። አንቺ ራስሽ አይደለሽ እንዴ ቀይ ሲሆን ያልሽኝ?”

ነርሷ ያን ቀን ያልተሳደበችው ስድብ የለም። እየተሳደበች ፓኬት ቀድዳ በጣቷ አቀመሰችው፤ ማሙሽ ግን አልዋጠም። ገላው እሳት ሆኗል፣ ተቅማጥም ከያዘው ሰንብቷል። ሬዲዮኑን አንስታ መኪና ጠራች። መኪናው ጎብኚዎች ሊያመጣ ወርዷል አሏት። ማሙሽ እዚያው፣ ከሚዛኑ አጠገብ፣ እናቱ ጭን ላይ እንደተኛ አረፈ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ መኪናው ከዚያ በኋላ ደረሰ። ጎብኚዎቹ ከልባቸው አዘኑ፤ አንዷማ አለቀሰች። አስተባባሪው የነርሷን ትከሻ ይዞ “አንቺ የሚቻልሽን አድርገሻል” አላት፤ ከስድብ ሁሉ ይልቅ ይሄ አንገበገባት።

ከሐዘኑ በኋላ እህቷ ሚጣን፣ የማሙሽን ታላቅ፣ እጇን ይዛ መጣች። እንደ ማንኛዋም እናት ወረፋ ጠበቀች። ነርሷ ጥብጣቧን በልጅቷ ክንድ ላይ አዞረች። ቢጫ ነው። ማንም ምንም አልጠየቃትም። ጫፉን ይዛ ሳበችው። ሚጣ “አመመኝ” አለች፤ እሷ ግን ቀይ እስኪል ሳበችው።

እህቷ የነርሷን ጣቶች ስታይ ቆየች።

“ይሄ እጅሽ ያኔ የት ነበር?” አለቻት። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ የምሯን መልሱን ማወቅ ፈልጋ ነው።

ነርሷ ፓኬቶቹን ቋጥራ ሰጠቻት። ከኋላ የቆመችው እናት ሁሉን አይታ ነበርና የልጇን ክንድ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ መጠበቅ ጀመረች።